የአክሲዮን ግብር የሚጀምረው በግዢው ዕለት ነው



የዛሬው ርእሳችን ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ያህል ሰው በአንድ አዳራሽ አይሰበስብም ነበር። አክሲዮን የባንክ መሥራቾችና የባለሀብቶች ጉዳይ ነበር። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው አሥር በመቶውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ለሕዝብ ሽያጭ አቀረበ። መግዣውም በሁላችንም ኪስ ውስጥ ያለው ቴሌብር ሆነ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር፤ ከፍተኛው 3,333 አክሲዮን፣ 999,900 ብር። መጀመሪያ ታኅሣሥ 25 ያበቃል የተባለው ሽያጭ እስከ የካቲት 7 ተራዘመ። ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን በ3.2 ቢሊዮን ብር ገዝተው ነበር።

ለሽያጭ ከቀረበው አንድ አሥረኛ ገደማ መሆኑ ብዙ አነጋግሯል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ከነዚያ 47,377 ሰዎች መካከል የገዛበትን ማስረጃ ዛሬ ፈልግ ቢባል ሊያገኘው የሚችለው ስንቱ ነው? ይህን የምጠይቀው የአክሲዮን ግብር የሚወሰነው ስንሸጥ ቢመስለንም፣ በእውነቱ የሚወሰነው በገዛንበት ዕለት ስለሆነ ነው። ከዚህ የምትወስዱት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ይሁንልኝ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። እዚህ ከተቀመጥነው አብዛኞቻችን ደሞዝተኞች ነን፣ ወይም የደሞዝተኛ ልጆች። ደሞዝተኛ ግብር ይከፍላል እንጂ ግብር አያሳውቅም። ሒሳቡን የሚሠራው አሠሪው ነው፤ ቀንሶ የሚያስገባውም አሠሪው ነው። እኛ የምናየው እጃችን ላይ የሚደርሰውን ነው። ቁጠባችን ላይ የሚታሰበውን የወለድ ግብር ባንኩ ይቀንሳል። የአክሲዮን የትርፍ ድርሻም ቢሆን ኩባንያው ግብሩን ቀንሶ ነው የሚሰጠን፤ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ምጣኔው 10 በመቶ ነበር። እስከዚህ ድረስ የኛ ሥራ መቀበል ብቻ ነው። አክሲዮን ሸጠን ስናተርፍ ግን በመካከል አሠሪ የለም። ገቢው የራሳችን ነው፤ የማሳወቁም ኃላፊነት የራሳችን ነው። በዕድሜያችን ሙሉ ያልለመድነውን ሥራ አንድ የስልክ መተግበሪያ በአንድ ጊዜ ትከሻችን ላይ ጫነው።

ያልለመድነውም ያለ ምክንያት አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን የሚገበያይ ቡድን እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ተቋቁሞ ይሠራ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ትልልቅ ፋብሪካዎች ሲወረሱ ገበያው አብሮ ጠፋ። ከዚያ እስከ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ እስከተከፈተበት ቀን ድረስ፣ ሃምሳ ዓመት አለፈ። ሃምሳ ዓመት ማለት አባት ለልጁ ስለ አክሲዮን የሚነግረው ነገር ያልነበረበት ሁለት ትውልድ ነው። መሬትና ቤት እንዴት እንደሚያዝ፣ ወርቅ እንዴት እንደሚቀመጥ ከቤታችን ተምረናል። የአክሲዮን ሰነድ እንዴት እንደሚቀመጥ ግን የሚያስተምረን አያት አልነበረንም።

በመካከል፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የግል ባንኮች ሲቋቋሙ አክሲዮን መልሶ መጣ። ያኔ የገዙ አሉ፤ አንዳንዶቻችሁም ከነሱ ናችሁ። ያ ሽያጭ በወረቀት ነበር። ባለአክሲዮኑ የምስክር ወረቀት ይዞ፣ ገዢ ፈልጎ፣ ውሉን አስመዝግቦ፣ ኩባንያው ዘንድ ሄዶ ስም ያዛውራል። ግብሩም እዚያው መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ከ1994ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ጀምሮ ዝውውሩን የሚመዘግብ ሰው ግብሩ መከፈሉን ሳያረጋግጥ እንዳይመዘግብ ሕግ ያዘው ነበር። ስለዚህ ሻጩ ወደደም ጠላም ግብሩን መክፈሉን የሚያሳይ ክሊራንስ ሳያመጣ ስሙን ማዛወር አይችልም ነበር። አድካሚ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጥቅም ነበረው። ማንም ሰው ግብሩን ረስቶ አያልፍም።

ዛሬ በስክሪን ላይ የሚደረግ ግብይት እንዲህ ዓይነቱን ወረቀት እየጠበቀ ሊሄድ አይችልም። ጠዋት የሸጠ ሰው ከሰዓት ሌላ መግዛት ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ሽያጭ ገቢዎች ቢሮ ሄዶ ክሊራንስ ያምጣ ብንለው ገበያው ይሞታል። በሩ ላይ የሚቆመው ጠባቂ ሲነሣ ደግሞ ኃላፊነቱ ወደ ሰውየው ይዞራል። ይህ ለውጥ በቂ ትኩረት አላገኘም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በ2008ቱ አዋጅ አንቀጽ 59 አክሲዮንና ቦንድ ሲሸጥ የሚገኘው ጥቅም 30 በመቶ ግብር ተጥሎበት ነበር፤ ለሕንፃና ለመሰል የማይንቀሳቀስ ሀብት 15 በመቶ ነበር። የገቢ ግብር አዋጁ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጸደቀው በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። ስለዚህ አክሲዮን የምትሸጡበት ዕለት የጸናውን ምጣኔ ከተሻሻለው ሕግ ላይ አይታችሁ፣ ወይም የገቢዎች ቅርንጫፍ ጠይቃችሁ ተነሡ። እኔ ለማስረዳት ያህል በ30 በመቶው እሠራለሁ፤ ምጣኔው ከፍ ቢል ዝቅ ቢል የምነግራችሁ ነገር አይለወጥም።

እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት መምህርት እናስብ። 33 አክሲዮን በ300 ብር ገዛች፤ 9,900 ብር አወጣች። ከጊዜ በኋላ አንዱን በ360 ብር ሸጠች እንበል፤ እጇ የገባው 11,880 ብር ነው። ግብሩ የሚታሰበው በ11,880ው ላይ አይደለም። የሚታሰበው በትርፉ፣ በ1,980 ብር ላይ ነው። ሠላሳ በመቶው 594 ብር ይሆናል። ከፍላ 1,386 ብር ንጹሕ ትርፍ ይተርፋታል።

ይቺው መምህርት የገዛችበትን ማስረጃ አጣች እንበል። ስልኳ ጠፍቷል፤ መልእክቱ አብሮ ሄዷል። ስንት ብለሽ ገዛሽ ስትባል በአፏ እንጂ በወረቀት መመለስ አልቻለችም። በከፋው ሁኔታ የግዢ ዋጋዋ እንደሌለ ተቆጥሮ ሙሉው 11,880 ብር ትርፍ ቢባልባት ግብሩ 3,564 ብር ይሆናል። ከሽያጩ የሚቀራት 8,316 ብር ነው። መጀመሪያ ያወጣችው 9,900 ነበር። አተረፍኩ ብላ የሸጠች ሴት 1,584 ብር አጥታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ያጣችው ገንዘብ ሁሉ የአንድ መልእክት ዋጋ ነው።

ያ መልእክት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ከቴሌብር ቁጥር ከ127 ይመጣል። የገንዘቡ መጠን፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የግብይቱ ቁጥር አለበት፤ ደረሰኙን የሚያወርዱበት ማያያዣም አለው። ከሥሩ የካርድ መሙያ፣ የመብራት ክፍያ፣ ለልጅ የተላከ ሁለት መቶ ብር ይከተላል። በአንድ ወር ውስጥ ሽቅብ ተገፍቶ ከዓይን ይጠፋል። ስልክ ሲሞላ ደግሞ መጀመሪያ የምንሰርዘው እነዚህኑ መልእክቶች ነው። የቤቱን ካርታ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆልፍ ሰው፣ አንድ ሚሊዮን ብር ሊጠጋ የሚችል ሀብቱን ማስረጃ በስልክ መልእክት መካከል ትቶት ይሄዳል። ዛሬ ቤት ስትገቡ ያንን መልእክት ፈልጉት። ደረሰኙን አውርዱ፤ አሳትሙት፤ ቀኑን፣ የአክሲዮኑን ቁጥርና የከፈላችሁትን ብር በእጃችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። የአገልግሎት ክፍያ ከፍላችሁ ከሆነ እሱንም ለብቻ ጻፉ፤ አክሲዮኑን ለማግኘት ያወጣችሁት ወጪ ነውና ስታስታውቁ ልታሳዩት ይገባል።

በባንክ አክሲዮን ላይ ደግሞ ሌላ የሚዘነጋ ነገር አለ። ብዙ ባንኮች የዓመቱን የትርፍ ድርሻ በእጅ ከመስጠት ይልቅ ካፒታል ማሳደጊያ እንዲሆን ያደርጋሉ፤ ባለአክሲዮኑም ተስማምቶ በትርፍ ድርሻው ተጨማሪ አክሲዮን ይይዛል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲሸጥ የሚያስታውሰው መጀመሪያ ከኪሱ ያወጣውን ብቻ ነው። ግብር ተቀንሶበት ወደ አክሲዮን የተለወጠ ትርፍ ካለ ግን እሱም ግዢ ነው፤ ከባንክ ሒሳብ አውጥቶ ከመግዛት አይለይም። ይህን በየዓመቱ ያልመዘገበ ሰው አንዴ ግብር የተከፈለበትን ገንዘብ ሁለተኛ እንደ ትርፍ ሊያስቆጥረው ነው። የየዓመቱን የትርፍ ድርሻ ደብዳቤ አትጣሉ።

ኪሳራም አለ። አክሲዮን ይወርዳል። በ300 የገዛችሁትን በ260 ብትሸጡ 33ቱ ላይ 1,320 ብር ከሰራችሁ ማለት ነው። አዋጁ ይህንን ኪሳራ ከደሞዛችሁ ላይ እንድትቀንሱት አይፈቅድም፤ ከሌላ የአክሲዮን ሽያጭ ትርፍ ላይ ግን ማካካስ ይቻላል፤ በዚያ ዓመት ያልተካካሰውም ወደ ሚቀጥለው ይሸጋገራል። ግን ኪሳራውን ማሳየት አለባችሁ። ያላስታወቀ ሰው፣ ማስረጃ የሌለው ሰው፣ ኪሳራውን ለራሱ ብቻ ይይዘዋል። አያችሁ፣ ማስታወቅ መንግሥትን ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በከሰርን ጊዜ የሚጠቅመን እኛን ነው።

አንድ ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ፤ በሰፈራችን በግልጽ ይነገራል። «አንዴ ገቢዎች ፋይል ከከፈትክ አይለቁህም» ይባላል። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። በሐምሌ ወር የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች ይሰለፉበት የነበረውን ሰልፍ ያየ፣ በቀን ገቢ ግምት የተጨነቀ ጎረቤት ያለው ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም። ነገር ግን አክሲዮን ሸጦ ያገኘ ሰው ሱቅ እንደከፈተ ሰው አይታይም። የንግድ ፈቃድ አይጠየቅም። ገቢው በሠንጠረዥ መ ለብቻው የሚታይ ስለሆነ ደሞዛችሁ ላይ ተደምሮ የደሞዛችሁን ግብር አያሳድግም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ያስፈልጋል፤ ደሞዝተኛው ደግሞ በአብዛኛው አሁን ቲን አለው።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ይህን ነገር ከኛ ቀድመው ኖረውበታል። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ታክሲ ነጂ ወይም ነርስ ወንድማችን ሮቢንሁድ በሚባለው መተግበሪያ አክሲዮን ይገዛል፣ ይሸጣል። በየካቲት ወር መተግበሪያው ራሱ 1099 የሚባል ቅጽ አዘጋጅቶ ይልክለታል፤ ምን ቀን ገዛ፣ ምን ቀን ሸጠ፣ በስንት ገዛ፣ በስንት ሸጠ፣ የትርፍ ድርሻው ስንት ነበር፣ ሁሉም እዚያ አለ። የዚያው ግልባጭ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስ ይደርሳል። እሱ እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ በ8949 ቅጽ አድርጎ ያስታውቃል። ካላስታወቀ መሥሪያ ቤቱ ቅጹን ከማስታወቂያው ጋር አመሳክሮ ደብዳቤ ይጽፍለታል።

የአሜሪካ ሥርዓት እዚህ የደረሰው ግን በአንድ ቀን አይደለም። እዚያም ቢሆን ደላሎች የአክሲዮኑን መግዣ ዋጋ ለመንግሥት እንዲያስታውቁ ሕግ ያስገደደው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተገዙ አክሲዮኖች ነው። ከዚያ በፊት የሽያጩን ገንዘብ ብቻ ያስታውቁ ነበር፤ መግዣውን የሚያስታውስ ባለቤቱ ነበር። አባቱ የገዛውን አክሲዮን የወረሰ ሰው የድሮ ጋዜጣ እያገላበጠ ዋጋ ይፈልግ ነበር። ያ ገበያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ገበያ ነው። ማስረጃውን ማን ይያዝ ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ይህን ያህል ዘገየ። እኛ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ስለሆንን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንችላለን።

ጎረቤታችን ኬንያ ሌላ መንገድ መርጣለች። በአክሲዮን ገበያዋ በተመዘገቡ አክሲዮኖች ላይ የሽያጭ ትርፍ ግብር አትጥልም። በ2017 እ.ኤ.አ. ኤም አኪባ የተባለውን የመንግሥት ቦንድ በሞባይል ስልክ ስትሸጥ ከ3,000 ሽልንግ ጀምሮ እንዲገዛና ወለዱም ከግብር ነጻ እንዲሆን አድርጋለች። ትንሹን ቆጣቢ ከሒሳብ ጣጣ ማሳረፍ ነው። እኛ ኬንያን እንቅዳ አልልም፤ ግብር ካልተሰበሰበ ትምህርት ቤትም ሆስፒታልም አይሠራም። የምለው ሌላ ነው። 33 አክሲዮን ያላትን መምህርትና ሺዎችን የሚያገላብጥ ኩባንያን በአንድ ዓይነት የወረቀት ሸክም መያዝ ፍትሐዊ አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ እዚሁ ከተማ ተቀምጠው በውጭ አገር መተግበሪያዎች ለሚነግዱ ወጣቶች አንድ ነገር ልበል። የኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው በውጭ አገር ምንጭ ያገኘውም ገቢ በኢትዮጵያ ግብር ይጠየቅበታል። ገንዘቡ አገር ውስጥ ካልገባ አይመለከተኝም የሚለው ሐሳብ ስሕተት ነው። ከግብሩ በፊት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ሕጉ አለ፤ ዶላር በጓደኛ አካውንት ልኮ መነገድ ሌላ ተጠያቂነት ያመጣል። ይህን ሳታጣሩ አትግቡበት።

ከዲያስፖራ ወገኖቻችን ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ ደግሞ መርሳት አይገባንም። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮችና በኢንሹራንሶች የያዙትን አክሲዮን እንዲመልሱ አዘዘ። አክሲዮኖቹ በጨረታ ሲሸጡ ለባለቤቶቹ የተመለሰው ዋናው ዋጋ ነበር፤ ከዚያ በላይ የተገኘው ወደ መንግሥት ገባ። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1159 የባንክ አክሲዮን እንደገና እንዲገዙ ተፈቀደላቸው። ያ ጊዜ አልፏል፤ ነገር ግን ያ ትዝታ ያለው ሰው ዛሬ አክሲዮን ሲገዛ የግብር ሕጉ ነገ ምን ይለኛል ብሎ ቢጠይቅ መልስ ይገባዋል። እምነት የሚገነባው ሕጉ አስቀድሞ ታውቆ፣ ሒሳቡ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሲሠራ ነው።

ክርክር ቢነሣስ? የተወሰነባችሁን ግብር አልቀበልም የምትሉ ከሆነ የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መንገዱን ያሳያል። ውሳኔው በደረሳችሁ በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታችሁን ለዚያው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ታቀርባላችሁ። ካልረካችሁ በ30 ቀናት ውስጥ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን፤ ከዚያም ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፤ ያም ፍርድ ቤት ሁላችሁም እንደምታውቁት እዚሁ ልደታ ነው። ሆኖም እስከ ችሎት ድረስ ብትሄዱ ዳኛው የሚጠይቃችሁ ያንኑ ነው። በስንት ገዛችሁ? ማስረጃችሁ የታለ?

ስለዚህ ከዜጋው ብቻ አልጠብቅም። የግብይቱ መረጃ ያለው በገበያው፣ በአገናኝ ድርጅቶቹና የአክሲዮን ባለቤትነት በሚመዘገብበት በማዕከላዊው ግምጃ ቤት ነው። እያንዳንዱ ባለአክሲዮን ሰኔ 30 ሲያልፍ አንድ ገጽ ይድረሰው። በዓመቱ ምን ገዛ፣ በስንት ገዛ፣ ምን ሸጠ፣ በስንት ሸጠ፣ ከትርፍ ድርሻው ስንት ግብር ተቀነሰ፤ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች፣ ማንም የሒሳብ ባለሙያ ሳይቀጥር ሊያነበው በሚችል መልክ ይዘጋጅ። ኮምፒውተሩ የያዘውን ቁጥር አትሞ መላክ ከባድ ሥራ አይደለም። የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው ኢንቨስተሩን ለመጠበቅ ጭምር ነው፤ ይህን ገጽ ግዴታ ማድረግ ከዚያ ጥበቃ ዋናው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ገቢዎችም በበኩሉ ለትንሽ ባለአክሲዮን አንድ አጭር ቅጽ በስልክ የሚሞላበትን መንገድ ያዘጋጅ። የገዛነው በስልክ ከሆነ የምናስታውቀውም በስልክ መሆን አለበት።

ወጋገን ባንክ በገበያው መጀመሪያ ተመዝግቧል፤ ጋዳ ባንክ ተከትሏል። ሌሎችም ይመጣሉ። ዛሬ ባለአክሲዮኑ ጥቂት በሆነበት ጊዜ ያልተስተካከለ አሠራር ባለአክሲዮኑ ሚሊዮን ሲሆን ለማስተካከል እጅግ ይከብዳል። ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ይህንን የአንድ ገጽ ጥያቄ በጽሑፍ አዘጋጅተን፣ የፈለገ ሁሉ ፈርሞበት፣ ለባለሥልጣኑና ለከተማው ገቢዎች ቢሮ እናስገባለን። ረቂቁ ከመግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አንብባችሁ የምትጨምሩትን ጻፉበት። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ የትርፍ ድርሻ ደብዳቤ ይዘው የመጡ እናት ከፊት ረድፍ እጃቸውን አንሥተዋልና ከእሳቸው እንጀምር።